ነፍጥና ቢላዋ፤ የአደን ሥርዓት በቢቸናና በሞጣ

የኢትዮጵያ የአደን ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ዝሆን ገዳዩና አንበሳ ገዳዩ ነው። ፉከራውም ቀረርቶውም የሚያወድሰው እነዚህኑ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ሽልማት፣ የአንበሳ ጎፈሩና የጆሮ ጉትቻው የተመደበውም ለእነዚሁ ነበር። ድኩላ ወይም ሚዳቋ ጥሎ የመጣ ሰው ግን ዘራፍ አይልም፤ ቢል ጎረቤቱ ይስቅበታል። ይሁን እንጂ የገበሬው እጅ ከነፍጥ ጋር የተላመደው፣ የአንድ እንስሳ ሕይወት በምን አኳኋን ማለፍ እንደሚገባው የሚደነግገው ያልተጻፈ ሕግም ዘወትር የተፈተነው በዝሆን ላይ ሳይሆን በድኩላና በሚዳቋ ላይ ነው። ዝሆን ቢገጥም በዕድሜ አንድ ጊዜ ይገጥማል፤ ድኩላ ግን ከማሳ ጫፍ አይጠፋም። ስለዚህ ነፍጥ የአዳኙን ሥነ ምግባር እንዴት እንደ ለወጠው ለመረዳት የሚሻ ሰው ከትልቁ ግዳይ ይልቅ ትንሹን ቢመረምር ይበጀዋል።

ለዚህ ምርመራ በምሥራቅ ጎጃም አውራጃ የነበሩት ቢቸናና ሞጣ የሚስማሙ ናቸው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። በምዕራብ በኩል ቁንጮው ከ4000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ይታያል፤ በሰሜንና በምሥራቅ ደግሞ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ጤፍና ስንዴ ከሚዘራበት ሜዳ የተነሣ ሰው ቀኑ ሳይመሽበት አየሩ ወደሚተኩስ በረሃ ይደርሳል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይህን ያህል የሚለዋወጥ አገር የሚያስጠልላቸው አራዊትም እንደዚያው የተለያዩ ናቸው። ሚዳቋ በቁጥቋጦው፣ ድኩላ በጥሻውና በየደብሩ ዙሪያ በቀረው ጥቅጥቅ ደን፣ ሰስ በገደሉ ጠርዝ፣ ቀንደ ጠምዛዛው አጋዘን በቆላው ግራር ውስጥ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። የውጭ አገር መጻሕፍት ሲተረጎሙ «አጋዘን» እየተባለ የሚጠራው የአውሮጳና የአሜሪካ እንስሳ፣ ቅርንጫፋማ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው፣ በኢትዮጵያ ምድር የለም። የእኛዎቹ ሁሉ ቀንዳቸው ከበቀለ እስከ ሞት የማይለያቸው ናቸው። ሆኖም አዳኝና ታዳኝ በሚገናኙበት ሰዓት የሚነሣው ጥያቄ በሁለቱም ዓለም አንድ ነው፤ የቆሰለው እንስሳ ምን ይሆናል?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንድ ቃል አለው። «በክት» ይላል። ሳይባረክና ደሙ ሳይፈስስ የሞተ ከብትም ሆነ አውሬ በክት ነው፤ አይበላም፤ የበላውም ይረክሳል። መሠረቱ ጥንታዊ ነው። ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ወገን ለመጡት አማንያን ካዘዟቸው ጥቂት ነገሮች መካከል ከደምና ታንቆ ከሞተ እንስሳ መራቅ ይገኝበታል። ፍትሐ ነገሥቱም ይህንኑ ተቀብሎ አጽንቶታል። ሸኰናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ብቻ እንዲበላ የሚያዘው የኦሪት ሥርዓት ሲጨመርበት የጎጃም አዳኝ ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሚበላውንና የማይበላውን ለይቶ ያውቃል። ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሰስና አጋዘን ይበላሉ። ከርከሮ ሰብል ስለሚያጠፋ ይገደላል እንጂ ሥጋው ከምጣድ አይደርስም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለባዕድ ተመልካች እንግዳ መስሎ ይታያል። አዳኙ የተኮሰው አረር እንስሳውን ወዲያው ከገደለው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሥጋው የሚፈቀደው እንስሳው ከወደቀ በኋላ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ ስመ ሥላሴን ጠርቶ፣ በቢላዋ ሲባርከው ነው። በጦር በሚታደንበት ዘመን ይህ ብዙ አያስቸግርም ነበር፤ ጦር የሚወረወረው ከቅርብ ስለሆነ ወርዋሪው ከጦሩ ብዙ አይርቅም። ነፍጥ ግን ሰውየውን ከግዳዩ አራቀው። ስለሆነም የነፍጥ ዒላማ የሚለካው አረሩ በሚደርስበት ርቀት ሳይሆን ሰውየው በሚሮጥበት ርቀት ሆነ። መቶ እርምጃ ርቆ የወደቀ ድኩላ በሜዳ ላይ ቢሆን ይደረስበታል፤ በዓባይ ገደል ላይ ቢሆን ግን ከተኳሹ እጅ ወጥቷል ማለት ነው።

ነፍጥ ወደ ኢትዮጵያ ጦር ሜዳ በብዛት የገባው በ16ኛው ምዕት ዓመት መሆኑ ይታወቃል። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከቱርኮች ያገኘውን መሣሪያ ይዞ ሲነሣ፣ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ በ1533 ዓ.ም 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞችን አስከትሎ ደረሰ። ኢማሙም በ1535 ዓ.ም በወይና ደጋ የወደቁት በነፍጥ ተመትተው ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ከአገሩ አልጠፋም፤ ግን የሚመጣው በምፅዋ በር ስለነበረ የበሩን ጎዳና የያዘው የትግራይ መኳንንት ከሁሉ በልጦ ታጠቀ። በ18ኛው ምዕት ዓመት ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደርን በእጃቸው ያስገቡት በዚሁ ብልጫ ነው። ጎጃምና ዳሞት ከባሕሩ ርቀው ስለሚገኙ የኀይላቸው መመኪያ ረጅም ጊዜ ፈረሰኛው ሆኖ ቆየ። በመሆኑም ነፍጥ ወደ ቢቸናና ሞጣ ገበሬ እጅ የደረሰው ዘግይቶ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ብዙውን ጊዜም በጌታው ቤት በኩል ነው።

የዚያ ዘመን ነፍጥ ባሩዱንና አረሩን ከአፈ ሙዙ የሚጎርስ ነው። ተኳሹ ባሩዱን ከቀንድ ውስጥ ሰፍሮ ያፈስሳል፤ ጨርቅ ወይም ቃጫ ይወትፋል፤ አረሩን ያስከትልና በረጅም ዘንግ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያም የሚጤሰውን ክር በመለኰሻው ጉድጓድ ላይ ያወርዳል። ክሩ በዝናብ ይጠፋል፤ ነፋሱ ከዞረም ጢሱ ተኳሹን ያሳብቅበታል። አንድ ጊዜ ከተተኮሰ ዳግመኛ እስኪጎርስ ድረስ ሚዳቋዋ ሸንተረሩን ተሻግራለች። ባሩዱ የሚሠራው በአገር ውስጥ ነው፤ ጨው ባሩዱ ከአፈር ይነጠራል፣ ከሰሉ ከእንጨት ይከሰላል፣ ድኙ ከአፋር በረሃ በነጋዴ ይመጣል። እርሳስ ግን ውድ ነው። እርሳስ ያጣ ተኳሽ ብረት ቀጥቅጦ አረር ያደርጋል፤ ብረቱም ከአፈ ሙዙ ስፋት ጋር ልክ ለልክ ስለማይሆን የባሩዱ ኀይል ግማሹ በጎኑ ያመልጣል።

በዚህ ላይ የሒሳብ ነገር አለበት። የድቡልቡል እርሳስ ክብደት ከስፋቱ ጋር እኩል አያድግም። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር 3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 12 ሚሊ ሜትሩ ከ10 ግራም ያልፋል፤ 16 ሚሊ ሜትሩ 24 ግራም ይደርሳል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ቀላሉ አረር ደግሞ በአየር ውስጥ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። ቆጣቢ ሰው አረሩን ባሳነሰ ቁጥር ከአንድ ጥፍጥፍ እርሳስ ብዙ ያወጣል፤ ነገር ግን ወደ ዒላማው ካልቀረበ የሚያተርፈው የቆሰለና ያመለጠ እንስሳ ነው።

ስለ ቅርበት ከተነሣ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በጎንደር ያደረገው ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር እንደገባ የራስ ሚካኤል ዘመድና የነፍጠኞቻቸው አለቃ ከሆነው ከገብረ መስቀል ጋር በግብር ላይ ስለ ተኩስ ተጣላ። ነገሩም የጦፈው ብሩስ የጧፍ ቁራጭ ቢጎርስ ገብረ መስቀል በብረት አረር ከሚያደርገው የበለጠ እንደሚያደርግ በመናገሩ ነው። ኋላ በንጉሡ ፊት ተፈተነና ከጮማ የተሠራው ጧፍ ሦስት ጋሻ በስቶ አለፈ። ብሩስ ራሱን ማግነን የሚወድ ጸሐፊ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህ ወሬው ግን ከተፈጥሮ ሕግ ጋር አይጋጭም። ለስላሳው ጮማ በባሩዱ ኀይል አፈ ሙዙን ሞልቶ ይወጣና ከቅርብ ሲመታ ጋሻ ይበሳል፤ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ግን ቅጠል አይበሳም። ቤተ መንግሥቱ የተደነቀው በተአምሩ ነው። ከነገሩ ሊገኝ የሚችለው ትምህርት ግን ሌላ ነበር፤ ይኸውም ኀይሉ ያለው ከአረሩ ይልቅ በባሩዱ ጥራትና በተኳሹ መቅረብ ላይ መሆኑ ነው። የድኩላ አዳኙ ይህን ከብሩስ መማር አላስፈለገውም። አረሩ ትንሽ፣ ባሩዱ ደካማ፣ ሥጋውም ያለ ቢላዋ የማይፈቀድ በመሆኑ ሦስቱም በአንድነት «ቅረብ» ይሉታል።

በሞጣ ክርስቲያኑና እስላሙ ለረጅም ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም፤ ነገር ግን ጥያቄው የጋራቸው ነው። በእስልምናው ሥርዓት ቀስት የወረወረ አዳኝ በሚወረውርበት ጊዜ የፈጣሪን ስም ከጠራ፣ ቀስቱም ወግቶ ከገደለ፣ ሥጋው ይፈቀዳል። ይሁን እንጂ ቁርኣን በአምስተኛው ምዕራፍ በድብደባ የሞተን እንስሳ ይከለክላል። ነፍጥ በመጣ ጊዜ ታዲያ ሊቃውንቱ ተከራከሩ። እርሳስ ይወጋል ወይስ ይሰብራል? በማግሪብ አገር የነበሩ ብዙ የማሊኪ ሊቃውንት ይወጋል ብለው ፈቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1836 የሞተው የደማስቆው ሊቅ ኢብን ዓቢዲን ግን አረር በማቃጠልና በመጨፍለቅ እንጂ በስለት አይገድልም፣ ስለዚህ እንስሳው በሕይወት ሳለ ካልታረደ አይፈቀድም ሲል ጻፈ። የሞጣ ነጋዴ ይህን መጽሐፍ አነበበም አላነበበ ቢላዋውን ከወገቡ አይለይም ነበር። ኢብን ዓቢዲን በስለትና በጭፍለቃ መካከል ያሰመረው መስመር፣ ስለ አነስተኛ አረር ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ የነገሩን ሥር የነካ ይመስላል።

እስከዚህ የተነገረው የገበታው ሕግ ነው። ከእሱ ጎን ለጎን ደግሞ ሌላ ሕግ ይሠራ ነበር፤ እሱም የክብሩ ሕግ ነው። በዚህኛው ሕግ ዝሆንን ወይም ጎሽን የገደለ የሚባለው መጀመሪያ ያደማው ሰው ነው። ሌላው አሳድዶ ቢጨርሰውም ግዳዩ የቀዳሚው ነው። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር በምዕራቡ አገር የተጓዘው የሩሲያ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ይህን ልማድ በዓይኑ አይቶ መዝግቦታል። መዘዙም ግልጽ ነው። ደም የነካ ሁሉ ገዳይ ከሆነ መቶ ሰው ከሩቅ፣ ደካማም ቢሆን፣ በያዘው መሣሪያ ሁሉ ይተኩሳል። ለዝሆኑ ሞት ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው አይገኝም፤ ለክብሩ ግን ባለቤት አይጠፋም። በገበታው ሕግ አነስተኛ አረር አሳፋሪ ነው፣ ሥጋ ያሳጣልና። በክብሩ ሕግ ግን ትርፍ ነው፤ አንዲት ጠብታ ደም ለጉትቻ ትበቃለችና።

ሁለቱ ሕጎች የቆሙት በአንድ አገር ሰማይ ሥር ቢሆንም የወጡት ከተለያየ መደብ ነው። የክብሩ ሕግ የመኳንንቱና የሎሌው ነው፤ ሹመትና ጉልት ከግዳይ ጋር የሚቆራኝበት ሥርዓት የወለደው ነው። የገበታው ሕግ ግን የአራሹ ነው። ልዩነቱን ይበልጥ የሚያጎላው በጣና ዳር የኖሩት የወይጦዎች ዕጣ ነው። ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ቆመው ጉማሬን በጦር የሚገጥሙ፣ ድፍረታቸውና ብልሃታቸው የተመሰከረላቸው አዳኞች ነበሩ። ዳሩ ግን የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው እንደ ርኩስ ቆጥረው አገለሏቸው። ዝሆን ከሩቅ ያደማው ጌታ ተሸለመ፤ ጉማሬን በክንድ ርቀት የወጋው ወይጦ ግን ከሰው ማዕድ ተከለከለ። የገበታው ሕግ ለእንስሳው ያሳየውን ጥንቃቄ ለሰው አላሳየም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከቢቸና ብዙ የማትርቀውን ዲማን የታሪካቸው መድረክ ሲያደርጉ በፊታውራሪ መሸሻ አማካይነት የሣቁበት ይህንኑ የጀግንነት ወግ ነው። ፊታውራሪው ስለ ጀግንነታቸው መናገር አይሰለቻቸውም፤ ያረሰውና የገበረው ግን ሌላ ነው።

በውጭው ዓለም ጥያቄው በሌላ በኩል ተይዟል። በ18ኛው ምዕት ዓመት በሰሜን አሜሪካ ጫካ የሰፈሩ ገበሬዎች ኬንታኪ እየተባለ የሚጠራውን፣ አፈ ሙዙ ጠባብ፣ አፈሙዙም ውስጡ የተጠማዘዘ፣ ከአንድ ሜትር የሚረዝም ጠመንጃ የወደዱት እርሳስና ባሩድ ስለሚቆጥብ ነው። የተጠማዘዘው ውስጡ አረሩን ስለሚያሾረው በትክክል ይመታል። ዛሬም በዚያ አገር በጥንቱ ዓይነት ጠመንጃ ማደን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም አጋዘን የሚታደንበት ጠመንጃ የአፈ ሙዝ ስፋት ከዚህ አይነስ የሚል ደንብ ወጥቷል። የደንቡ ሐሳብ እንስሳው ሳይሠቃይ ፈጥኖ ይሙት ነው። እንግሊዛዊው አዳኝ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም በሰቲት ወንዝ ዳር ሲያድን ይህን እምነት እስከ ዳር አድርሶታል፤ አነስተኛ ጠመንጃ ለሚዳቋ ይዞ፣ ለዝሆን ደግሞ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ አረር የሚተፋ፣ ሲተኮስ ባለቤቱን የሚገለብጥ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። መሣሪያውንም በፌዝ «ሕፃኑ» ብሎ ሰየመው። እዚያው አብረውት ያደኑት የሐምራን ሰዎች ግን ፈረስ እያስሮጡ የዝሆንን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጡ ነበር። የመሣሪያ ወዳድ የሆነው ቤከር እነዚህን ባለ ሰይፎች ሲያደንቅ አልቦዘነም።

እንግዲህ በአንዱ ወገን ርኅራኄ ማለት ፈጣን ሞት ነው፤ በሌላው ወገን ደግሞ እንስሳው ቢላዋው እስኪደርስ መተንፈስ አለበት። የትኛው ይሻላል ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም። የበክት ሕግ የወጣው ለእንስሳው ታዝኖ አይደለም፤ ለሰው ንጽሕና ነው። ነፍሱ እንዳትወጣ ሲባል በደካማ አረር የቆሰለ ሚዳቋ ተኳሹ እስኪደርስ ይንፈራገጣል፤ ይህን ሥቃይ መካድ አይገባም። ነገር ግን ሕጉ ያስገደደው አንድ ነገር አለ። አዳኙ ያቆሰለውን መከተል፣ ጥሻ ገብቶ መፈለግ፣ በመጨረሻም አጠገቡ ተንበርክኮ በገዛ እጁ መጨረስ ነበረበት። ከሩቅ ተኩሶ ዞር ማለት ከሕጉ ውጪ ነው። የአፈ ሙዝን ስፋት የሚወስን ደንብ አዳኙን ዓይን ለዓይን ከሚሞተው ጋር አያገናኘውም። ጾሙም ሳይታሰብ ያገዘው ነገር አለ። ለምእመኑ በዓመት ከ180 የማያንሱ ቀናት ሥጋ አይፈቀዱም፤ ዐቢይ ጾም የሚውለውም ሣሩ ደርቆ እንስሳው ከሩቅ በሚታይበት በበጋው ወራት ነው።

ይህን ሁሉ የናደው ከኋላው የሚጎርሰው ጠመንጃ ነው። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ስናድር ይዞ መቅደላ ወጣ። በ1868 ዓ.ም በጉንደትና በጉራ ከግብፆች ሬሚንግተን ተማረከ። በ1874 ዓ.ም በእምባቦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሲዋጉ ጎጃም የብዙ ጠመንጃን ትርጉም በገዛ ደሙ ተማረ፤ ንጉሡም ተማረኩ። በዐድዋ ዘመን ከውጭ የገባው ውጅግራ በየአውራጃው ተበተነ። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ዘመን መጣ፤ ቢሆንም ከእርሳስና ከባሩድ ድካም ጋር ሲነጻጸር መተኮስ ቀለለ። የአፈ ሙዙ ስፋት እያነሰ የሄደውም በዚሁ ጊዜ ነው። የስናድር 14.7 ሚሊ ሜትር፣ የውጅግራ 11፣ የለበን 8፣ በወረራው ዘመን ከጣሊያን የተማረከው ጠመንጃ ደግሞ 6.5 ሚሊ ሜትር ነበር። ጢስ አልባው ባሩድ ትንሿን ጥይት ከቀድሞው ትልቅ አረር ይልቅ ገዳይ አደረጋት። ጥይቷ አነሰች፤ ርቀቷ ግን ከሰው ሩጫ ጋር መመዘኑ ቀረ።

የዚህን ለውጥ ውጤት በሰሜን ተራሮች ያለው ዋልያ አይቶታል። ዋልያ በገደሉ ላይ ስለሚውል ጦርም ሆነ ክር ያለው ነፍጥ በቀላሉ አይደርስበትም ነበር። በተለይ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ጠመንጃ ሲበዛ ስለ ሥጋው፣ ስለ ቆዳውና ዋንጫ ስለሚሠራበት ቀንዱ እየታደነ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ሆኖ ቀረ። በባሌ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ደግሞ ለሳይንስ ዓለም የታወቀው በጥይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የተሰየመው በገደለው እንግሊዛዊ መኮንን፣ በበክስተን ስም ነው።

በቢቸናና በሞጣ ግን ጠመንጃ ከአደን በላይ ሆኖ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በላይ ዘለቀና ሌሎች አርበኞች ጠላትን ያደከሙት ከዓባይ በረሃ እየወጡና እየገቡ ነው፤ በረሃውን ያወቁትም ጦሩን ተከትሎ የሰለጠነ ሠራዊት ሆነው ሳይሆን የገደሉን መንገድ፣ የውሃውን ምንጭና የነፋሱን አቅጣጫ ለይቶ እንደሚያውቅ አገሬ ሰው ነው። በላይ በጥር 1937 ዓ.ም በአዲስ አበባ በስቅላት ተገደለ። ጠመንጃው ግን በገበሬው ቤት ቀረ። ስለዚህም በ1960 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 255 የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት የጠመንጃ ምዝገባና ክፍያ ያስቆጣው የሁለቱ አውራጃ ሕዝብ፣ መሬቱም መሣሪያውም ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። ገበሬው አልተፈታም፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥፍራው ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። አንዳንድ ጸሐፊዎች የጎጃም ገበሬ ለጠመንጃው ያለውን ፍቅር የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው አይተውታል። እንዲህ ያለው ፍርድ ችኩል ነው። ያ ገበሬ ጠመንጃውን የሚያየው እንደ ርስቱ ማኅተም ነበር።

መንግሥትም በበኩሉ አደንን በወረቀት ለመወሰን ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ አራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ደንና ስለ ዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 192፣ በ1999 ዓ.ም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541 ተከተለ። ፈቃድ የሌለው እንዳያድን ተደነገገ። ሕጉ አስፈላጊ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በማሳው ማማ ላይ ሌሊቱን ሲጮኽ የሚያድረው አራሽ፣ በቆሎውን ድኩላና ከርከሮ ሲጨርሱበት፣ የእንስሳው ባለቤት ማን እንደሆነ ከአባቱ የሰማውና ከወረቀቱ የሚነበበው አይገጥምለትም። የቀድሞው ሥርዓት ግዳዩን ለደረሰበት ሰው ይሰጥ ነበር፤ ግዴታውም ከዚያው ጋር ተያይዞ ይመጣል። አዲሱ ሥርዓት ግዴታውን ለመዝገብ ቤት አስረከበው።

ዛሬ በዓባይ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ትከሻው ላይ የሚገኘው ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈለሰፈው ክላሽንኮቭ ነው። አፈ ሙዙ 7.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥንቱ ቆጣቢ አዳኝ ትንሽ አረር ጋር ስፋቱ ይቀራረባል። ከማዶ፣ 300 ሜትር ርቆ፣ ሰስ በቋጥኝ ላይ ትታየዋለች። ይተኩሳል፤ ትወድቃለች። በመካከል ያለው ገደል ግን ወርደው ሲወጡት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነው። ሰውየው ፀሐይዋን አይቶ፣ ገደሉን አይቶ፣ ቢላዋውን ከሰገባው ሳያወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በማዶው ጅብ ይጮኻል።